ያለ ሞርታር ስለሚሠሩ፣ ለመፍታትና መልሶ ለመጠቀም ስለሚመቹ የሕንፃ ውጫዊ ገጾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያለ ሞርታር የሚሠራ ውጫዊ ገጽ ሲባል ምን ማለት ነው?

ጡብ፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ የሸክላ ወይም የሴራሚክ ሰሌዳ፣ እንጨት ወይም ላሜራ በሞርታር (ሲሚንቶ ወይም ኖራ ከአሸዋና ከውሃ ጋር ተቦክቶ በሚሠራ ማያያዣ) ወይም በማጣበቂያ ሳይያያዝ፣ በራሱ ክብደት፣ በክሊፕ፣ በመንጠቆና በቡሎን ብቻ ቦታውን ይዞ የሕንፃውን የውጭ ገጽ ሲሸፍን ማለት ነው። አሠራሩ በራሱ አዲስ አይደለም። ድንጋይን እየመረጡ በድንጋይ ላይ መካብ ሲሚንቶ ከመታወቁ እጅግ የቀደመ ጥበብ ነው፤ የታላቋ ዚምባብዌ ግንቦች ያለ አንዳች ሞርታር የተካቡ ሲሆኑ፣ የታላቁ ቅጥር ግንብ ከፍታ በአንዳንድ ቦታ 11 ሜትር ያህል ይደርሳል። ዛሬ አዲስ የሆነው ዓላማው ነው፤ ግድግዳው ገና በወረቀት ላይ ሳለ የሚፈታበት ቀን ታስቦለት፣ እያንዳንዱ ክፍል ሳይሰበር ወጥቶ ሌላ ሕንፃ ላይ እንዲገባ ተደርጎ ይነደፋል።

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከአንድ ሐሳብ የሚነሡ ናቸው። ንድፉ የሚሠራው ለሚገጥመው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነዳፊውን ሳያውቅ መፍቻ ይዞ ለሚመጣው ሰው ጭምር ነው።

ሞርታር ይህን ያህል እንቅፋት የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሲሚንቶ የበዛበት ሞርታር ከደረቀ በኋላ ከጡቡ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ግድግዳው ሲፈርስ ስንጥቁ የሚሄደው በደካማው በኩል ነው፤ ደካማው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ሳይሆን ጡቡ ራሱ ነው። በኖራ የተሠራ የቆየ ግድግዳ ግን ከዚህ ይለያል። ኖራው ከጡቡ ስለሚለሰልስ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ እየተፈረፈረ ይለቃል፣ ጡቡም ጠርዙ ሳይጎዳ ይወጣል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲሚንቶ በኖራ ቦታ እየተተካ በመምጣቱ፣ አሁን ለመፍረስ ተራ እየደረሳቸው ካሉት ሕንፃዎች መካከል ብዙዎቹ ጡባቸው በጤና የማይወጣ ሆኗል።

ኮፐንሃገን ውስጥ በ2019 የተጠናቀቀው ሪሶርስ ሮውስ የተባለው የመኖሪያ ሕንፃ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የሌንዳገር አርክቴክቶች ከቀድሞው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካና ከሌሎች የቆዩ ሕንፃዎች የተገኙትን ጡቦች መልሰው ለመጠቀም ሲነሡ፣ ሞርታሩ ከጡቡ ጠንክሮ ስለተገኘ አንድ በአንድ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ግድግዳውን ራሱን በመጋዝ እየቆረጡ በሰሌዳ መልክ አወጡትና በአዲሱ ሕንፃ ላይ ጎን ለጎን ገጠሙት። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ መጋዝ ያስፈለገው ግን የመጀመሪያዎቹ ግንበኞች ጡቡ አንድ ቀን ይፈለጋል ብለው ያሰቡበት ምክንያት ስላልነበራቸው ነው።

የሚጠፋውም ነገር ቀላል አይደለም። የሸክላ ጡብ ብዙውን ጊዜ ከ900 እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይተኮሳል፤ ያ ሁሉ ነዳጅ አንዴ ተቃጥሏል። በደንብ የተተኮሰ ጡብ ከመቶ ዓመት በላይ የሚያገለግል ሆኖ ሳለ፣ በመጋጠሚያው ምክንያት ብቻ ዕድሜው ከሕንፃው ዕድሜ ጋር አብሮ ያልቃል። እንግሊዛዊው አርክቴክት ፍራንክ ዳፊ ሕንፃ አንድ ነገር ሳይሆን ዕድሜያቸው የተለያየ ንብርብሮች ስብስብ መሆኑን አስተምሯል። ውጫዊው ገጽ ከተሸካሚው አካል ቀድሞ የሚለወጥ ንብርብር ከሆነ፣ ሁለቱን በማይፈታ ነገር ማጣበቅ አንዱ ሲያረጅ ሌላውንም አብሮ መቅጣት ነው።

ሞርታር ከሌለ ግድግዳው ነፋስን እንዴት ይቋቋማል?

ብዙ ሰው የሚሰጋው ነፋስ ገጹን ወደ ውስጥ እንዳይገፋው ነው። አስቸጋሪው ግን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል ነው፤ ይህም ኃይል በሕንፃው ማዕዘኖችና በጣሪያው ጠርዝ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይበልጣል። በሰከንድ 40 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 100 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ግፊት ያሳድራል። ስለዚህ የገጹን ክብደት የሚሸከመውና የነፋሱን ስበት የሚይዘው ማያያዣ ተለይተው መታሰብ አለባቸው። ክብደቱን ከታች የሚቀበል መደርደሪያ ወይም ሐዲድ ይሸከመዋል፤ የነፋሱን ስበት ደግሞ እያንዳንዱን ሰሌዳ ወይም የተወሰኑ የጡብ ረድፎችን ከኋላው ግድግዳ ጋር የሚያስተሳስር የማይዝግ ብረት ማሰሪያ ይይዘዋል።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራው ክሊክብሪክ የተባለው የጡብ ዓይነት ይህንን በቀላል መንገድ ይፈጽማል። ጡቡ ላይ ጎድጓዳ መስመር አለው፤ የማይዝግ ብረት ክሊፕ ከላይና ከታች ያሉትን ጡቦች በዚያ መስመር በኩል ይይዛቸዋል፣ ከኋላ ካለው ግድግዳ ጋር የሚያገናኘውም ማሰሪያ በዚያው ይያያዛል። ከውጭ ሲታይ ያለው ጡብ ብቻ ነው።

ተራ ጡብ ያለ ሞርታር መደርደር አይቻልም?

ለአጭር አጥር ካልሆነ አይመከርም። የሞርታር መጋጠሚያ ከማያያዝ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አገልግሎት አለው፤ የጡቦችን የመጠን ልዩነት ይውጣል። አሥር ሚሊ ሜትር የሚሆን መጋጠሚያ ካለ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ጡብ ማንም ሳያውቅበት ያልፋል። መጋጠሚያው ሲቀር ግን ስሕተቱ ይጠራቀማል፤ እያንዳንዱ ጡብ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ በአርባኛው ረድፍ ላይ ግድግዳው በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከመስኮቱ ደፍ ጋር አልገጥም ይላል። በደረቁ የሚደረደር ጡብ ስለዚህ ከላይና ከታች ተፈግፍጎ መጠኑ የተስተካከለ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ረድፍ የሚቀመጥበት መሠረትም በጥንቃቄ ውሃ ልክ መጠበቅ አለበት። ከታች የተበላሸውን ከላይ የሚያርም ሞርታር የለም።

በክፍተቶቹ በኩል ዝናብ አይገባም?

ጥቂት ይገባል፤ ንድፉም ይህን አስቀድሞ ተቀብሎ የሚሠራ ነው። የውጭው ገጽ የዝናቡን አብዛኛውን ክፍል ይመልሳል። ያለፈው ጥቂት ውሃ በገጹና በውስጠኛው ግድግዳ መካከል ባለው የአየር ክፍተት ወደ ታች ወርዶ ከሥር ባለው መውጫ ይፈስሳል። ነፋስ ውሃን ወደ ውስጥ የሚነዳው በውጭና በውስጥ ባለው የአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ ክፍተቱ ከውጭው አየር ጋር ሲገናኝ ልዩነቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም የሚነዳው ኃይል ያጣል። እውነተኛው የውሃ መከላከያ መስመር ከክፍተቱ በስተጀርባ ያለው ውሃ የማያሳልፍ፣ ነገር ግን እንፋሎትን የሚያስወጣ ሽፋን ነው።

የጀርመን መመዘኛ ዲአይኤን 18516 የአየር ክፍተቱ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር እንዲሆንና ከላይና ከታች ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር የአየር መግቢያና መውጫ እንዲኖር ይጠይቃል። በሥራ ቦታ የሙቀት መከላከያው አብጦ ወይም ፍርስራሽ ወድቆበት ክፍተቱ ሲዘጋ፣ ግድግዳው ይዞት የነበረው ጥቅም ሁሉ ይጠፋል። ይህ ጉድለት ከውጭ ስለማይታይ፣ ገጹ ከመሸፈኑ በፊት አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የትኛውን ማያያዣ መምረጥ ይገባል?

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ መልሱ ሰፋ ያለ ነው።

በመጀመሪያ መወገድ ያለባቸውን ማንሣት ይቀላል። ማጣበቂያ ያለ ጥርጥር ይወገዳል፤ ሰሌዳው ሲላቀቅ ወይ ሰሌዳው ይሰበራል ወይ የማጣበቂያው ቅሪት በጀርባው ላይ ይቀራል። ሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተጨፍልቆ የሚያያዝ የብረት ችንካር፣ በመቦርቦር ብቻ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ መፍታትም ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ሲሊኮን በድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲደረግ ዘይት መሰል ነገር ወደ ድንጋዩ ስለሚሰርግ የማይለቅ ጥላ ይጥላል፤ ድንጋዩ ደኅና ሆኖ ሳለ ለሌላ ሕንፃ የሚፈልገው ሰው ያጣል።

የሚመረጡት በራሳቸው ክብደት ብቻ ተንጠልጥለው የሚቀመጡ መንጠቆዎች፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተቱ ክሊፖችና ቡሎን ከነዳዶው ናቸው። ከእነዚህም መንጠቆን አስቀድማለሁ። ሰሌዳው ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ወደ ውጭ ሲሳብ ይወጣል፤ በነፋስ ወይም በመንቀጥቀጥ ወደ ላይ እንዳይዘል ደግሞ አንድ ትንሽ መቆለፊያ ብሎን ይበቃዋል። የሚፈታው ሰው ሥራው በአንድ ብሎን ይጀምራል፣ በዚያው ያበቃል።

ቡሎን ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ጉዳይ አለ። የማይዝግ ብረት አይዝግም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ይፈታል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን የማይዝግ ዳዶ በማይዝግ ቡሎን ላይ በፍጥነትና በኃይል ሲጠብቅ፣ የሁለቱ ጥርሶች ተፋጭተው እርስ በርስ ይነካከሱና እንደተበየዱ ያህል አንድ ይሆናሉ። መፍቻው ሲዞር ዳዶው ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ወይም ቡሎኑ ይቆረጣል። መፍትሔው በሚገጠምበት ቀን ጥርሱ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅባት መቀባት፣ በዝግታ ማጥበቅና የተወሰነውን የማጥበቂያ ልክ አለማለፍ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ ሰው በመወጣጫ ላይ ቆሞ የሚያጠፋው ግማሽ ቀን፣ ዛሬ በአንዲት ጠብታ ቅባት ይድናል።

የተለያዩ ብረቶች መነካካትም መታየት አለበት። እርጥበት ባለበት ቦታ አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ሲነካካ አሉሚኒየሙ ይበላል። በሰፊ የማይዝግ ሰሌዳ ላይ ትንሽ ተራ የብረት ብሎን መትከል ደግሞ ብሎኑን በፍጥነት ማጥፋት ነው፤ ትልቁ ገጽ ትንሹን ይጨርሰዋል። በመካከላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ መለያ ማስገባት፣ ወይም ከመጀመሪያው ተስማሚ ብረቶችን መምረጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የማያያዣው ዓይነት ይነስ። በአንድ ሕንፃ ላይ አሥራ አምስት ዓይነት የብሎን ጭንቅላት ካለ፣ የሚፈታው ሰው ከስድስተኛው በኋላ ትዕግሥቱ አልቆ መፈልፈያውን ያነሣል። ሁለት መጠን ያላቸው፣ በየትኛውም ቦታ በሚገኝ መፍቻ የሚፈቱ ማያያዣዎች ከብዙ ረቂቅ ፈጠራዎች ይሻላሉ።

ሙቀትና ቅዝቃዜ ግንኙነቱን አያላሉትም?

ካልታሰበበት ያላሉታል፣ አንዳንዴም ሰሌዳውን ይሰብሩታል። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ሐዲድ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲለዋወጥ በ3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። በላዩ የተንጠለጠለው የሸክላ ገጽ ለውጥ ግን በዚያው ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱ በሁሉም ነጥብ ላይ ጥብቅ ተደርገው ከታሰሩ፣ በየቀኑ የሚደገመው መሳሳብ ሄዶ ሄዶ ደካማውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሐዲድ አንድ ቋሚ ነጥብ ብቻ ይኖረዋል፤ ሌሎቹ ማያያዣዎች ቀዳዳቸው ሞላላ ሆኖ እንዲንሸራተቱ ይደረጋል። በግንባታ ላይ የትኛው ቋሚ፣ የትኛው ተንሸራታች እንደሆነ በቀለም ምልክት ማድረግ ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

በመካከል ያለ አንድ ሰሌዳ ቢሰበር ሌሎቹን ሁሉ ማንሣት ያስፈልጋል?

ይህ ጥያቄ የንድፉ እውነተኛ ፈተና ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ የሚገጠም ገጽ ርካሽና ለዝናብ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሰባተኛው ፎቅ መካከል ያለውን አንድ ሰሌዳ ለመቀየር ከላይ ጀምሮ እስከዚያ ያለውን ረድፍ ሁሉ ማውረድ ሊጠይቅ ይችላል። እያንዳንዱ ሰሌዳ ጎረቤቱን ሳይነካ እንዲወጣ ከተነደፈ ግን፣ ጥገናው የአንድ ሰዓት ሥራ ይሆናል። ለዚህም በመጋጠሚያው ክፍተት በኩል መሣሪያ የሚገባበት ስፋት፣ ሰሌዳው ከፍ የሚልበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ትርፍ ቦታ፣ እንዲሁም መቆለፊያውን ከውጭ የሚደርሱበት መንገድ ያስፈልጋል። የሚታይ ብሎን ያስቀይማል የሚሉ አርክቴክቶች አሉ። በእኔ እምነት በሥርዓት የተደረደረ የብሎን ጭንቅላት ግድግዳው እንዴት እንደቆመ በሐቀኝነት ይናገራል፣ ውበቱም ከዚያ ይመነጫል።

ክብደትም ከዚሁ ጋር ይታያል። ሰላሳ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሸክላ ሰሌዳ በካሬ ሜትር 60 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል። ሁለት ሰዎች በመወጣጫ ላይ ቆመው ያለ ማንሻ መሣሪያ በእርጋታ የሚያወርዱት መጠን መምረጥ፣ ሰሌዳው ሳይሰበር መሬት የመድረስ ዕድሉን ያሰፋል።

ከገጹ ኋላ ያለው ክፍተት ለእሳት አደጋ አያጋልጥም?

ስጋቱ ተገቢ ነው፤ በቸልታ የሚታለፍም አይደለም። ክፍተቱ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ነበልባልን ወደ ላይ ይስባል። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 14 ቀን 2017፣ ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ታወር በደረሰው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እሳቱ በውጫዊው ገጽ ላይ እንዲያ የተዛመተበት ዋናው ምክንያት በሁለት የአሉሚኒየም ሉሆች መካከል የነበረው ፖሊኢትሊን ከተባለ ተቀጣጣይ ፕላስቲክ የተሠራ እምብርት ነው።

ስለዚህ የገጹም ሆነ የሙቀት መከላከያው ቁስ የማይቀጣጠል ይሁን፤ ጡብ፣ ሸክላ፣ ድንጋይና የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተል የሙቀት መከላከያ) ይህን ያሟላሉ። በየፎቁና በመስኮት ዙሪያ ክፍተቱን የሚዘጉ የእሳት ማገጃዎች ይተከሉ። አየር እንዲያልፍ ክፍት ሆነው የሚቆዩ፣ ሙቀት ሲነካቸው ግን አብጠው የሚዘጉ ማገጃዎች ለአየር ዝውውርም ለደኅንነትም ያገለግላሉ። መልሶ የመጠቀም ዓላማ የተቀደሰ ቢሆንም፣ የእሳት ባሕርዩ ያልታወቀ አሮጌ ሰሌዳን በረጅም ሕንፃ ላይ ለመስቀል ምክንያት አይሆንም።

ከተለመደው ግንባታ ይወደዳል?

በመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ አዎን፤ መጠኑ የተስተካከለ ጡብ፣ የማይዝግ ክሊፕና ሐዲድ ዋጋ አላቸው። በሌላ በኩል ሞርታር እስኪደርቅ መጠበቅ የለም፣ ዝናብም ሥራውን እንደ ሞርታር ሥራ አያበላሸውም። የተለመደው ስሕተት ሒሳቡን በግንባታው ማብቂያ ቀን መዝጋት ነው፤ ጥገናው፣ የማፍረሻው ወጪና የሚወጣው ቁስ ዋጋ ሳይገቡበት የሚደረግ ንጽጽር ጎደሎ ነው።

የተፈታው ቁስ በእርግጥ ሌላ ቦታ ይገባል?

ይገባል፤ ቀድሞም ገብቷል። ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው የለንደኑ ክሪስታል ፓላስ በ1851 በሃይድ ፓርክ ለኤግዚቢሽን ከተሠራ በኋላ ተፈትቶ፣ ተለውጦና ሰፍቶ በ1854 በሲደናም እንደገና ተከፍቷል። ይህ የተቻለው ብረቱና መስታወቱ በተደጋጋሚና በተወሰነ መጠን በመሠራታቸው ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2016 የተሠራው የአምስተርዳም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት ከጅምሩ እንዲፈታ ተነድፎ፣ አገልግሎቱን ሲጨርስ ተፈትቶ ኔዘርላንድስ ውስጥ ወዳለችው ሌላ ከተማ፣ ወደ ኤንስኬዴ፣ ተዛውሯል። በ2017 በዚያው አገር አይንድሆቨን ውስጥ የቆመው ፒፕልስ ፓቪሊዮን የተባለው ጊዜያዊ አዳራሽ ከዚህም አልፏል። ቁሳቁሱ የተበደሩት ስለነበረ ያለ ማጣበቂያ፣ ያለ ብሎንና ያለ መጋዝ ተሠርቶ፣ ምሰሶዎቹና አግዳሚዎቹ በቀበቶ ታስረው ቆይተው ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል።

ሆኖም የተፈታ ሁሉ መልሶ ይገባል ማለት አይደለም። ለአንድ መስኮት ጥግ ብቻ በልዩ ቅርጽ የተቆረጠ ሰሌዳ ሌላ ቤት አያገኝም። ስለዚህ መስኮቶችና ማዕዘኖች በሰሌዳው ልክ እንዲያርፉ ማድረግ፣ ቁርጥ የሚያስፈልግ ከሆነም ቁርጡን በአንድ ጠርዝ ላይ መሰብሰብ ይገባል። ብዙ አርክቴክቶች ገጹን ነድፈው ከጨረሱ በኋላ ጡቡን ይመርጣሉ፤ እዚህ ግን ጡቡ ገጹን ይመራዋል።

ምን ዓይነት ሰነድ መተው ያስፈልጋል?

የአፈታት ቅደም ተከተሉ፣ የእያንዳንዱ ቁስ አምራች፣ መጠን፣ ክብደትና የእሳት ምደባ፣ የማያያዣው ዓይነትና የማጥበቂያው ልክ፣ እንዲሁም ቋሚና ተንሸራታች ነጥቦችን የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልጋሉ። በ2020 የወጣው አይኤስኦ 20887 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለመፍታትና ለመለወጥ የሚመቹ ሕንፃዎችን መርሖች ያስቀምጣል፤ ለሰነዱ አደረጃጀትም ጥሩ መነሻ ይሆናል። ፎቶግራፍ ከገጹ መሸፈን በፊት ይነሣ፤ በኋላ ከየትም አይገኝም። የኮምፒውተር ፋይል ብቻውን ግን አይበቃም፣ የዛሬው ፕሮግራም ከአርባ ዓመት በኋላ ላይከፈት ይችላልና። በሰሌዳው ጀርባ ላይ የታተመ ቁጥርና በሕንፃው መሣሪያ ክፍል ውስጥ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ የብረት ሰሌዳ ከፋይሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አላቸው።

ይህ አሠራር የማይመከርበት ሁኔታ አለ?

አለ። ግድግዳው ራሱ ወለልና ጣሪያ የሚሸከም ከሆነ፣ በደረቁ የተደረደረ ቀጭን ገጽ ያንን ሥራ አይተካም። ተሽከርካሪና ጋሪ በሚጋጩበት የመሬት ወለል ላይ ቀጭን የሸክላ ሰሌዳ ቶሎ ይሰበራል፤ እዚያ ወፍራም ድንጋይ ወይም ሙሉ ጡብ ይሻላል። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋበት አካባቢ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ ሳይጋጩ እንዲንቀሳቀሱ የሚያስችል ክፍተትና እንዳይወድቁ የሚይዝ ማሰሪያ በመሐንዲስ ስሌት መወሰን አለበት። በኖራ የተገነባ የቆየ ቅርስ ሲጠገን ደግሞ በኖራ መጠገን ነው የሚገባው፤ ኖራው ራሱ ለመፍታት የሚመች ማያያዣ ነው፣ ለሚቀጥለውም ጠጋኝ ጡቡን በጤና ይመልስለታል።